ሕጉ «ይታከም» ይላል፤ ማን ይውሰደው?

«ልዩ ፍርድ ቤት» የምትለዋን ቃል ማታ እቤት ስትገቡ ለወላጆቻችሁ ወይም ለአያቶቻችሁ ጣል አድርጉላቸውና ፊታቸውን እዩ። ፈገግታ አትጠብቁ። ቃሉ እነሱን የሚመልሳቸው ወደ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ወዳቋቋመበት፣ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ወደማይልበት ዘመን። በዚህ አገር ፍርድ ቤት «ልዩ» ከተባለ ልዩነቱ ለተከሳሹ ደግ ሆኖ አያውቅም።

እኛ ግን ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ዓይነት ልዩ ችሎት ነው። ዳኛው «ስንት ዓመት ይታሰር?» ከማለቱ በፊት «ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው? ማን ይከመው? በሚቀጥለው ሳምንት ይምጣና እንዴት እንደሰነበተ እንስማ» የሚልበት ችሎት። ወደ ሱስና ወደ አእምሮ ሕመም የሚያደላ፣ ሕክምናን ከፍርድ ጋር ያጣመረ ችሎት።

«የፈረንጅ ቅንጦት!» ያላችሁ ትኖራላችሁ። ቆይ፣ አትቸኩሉ። የሐሳቡ ግማሽ በአማርኛ ተጽፎ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ከወጣ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ የጎደለን ሌላኛው ግማሽ ነው፤ እሱም አንቀጽ አይደለም፣ ሰው ነው። ታሪኩን ከሩቅ እንጀምርና ወደ ሰፈራችን እንመለሳለን።

ማያሚ፣ እ.ኤ.አ. 1989

በ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) የፍሎሪዳዋ ማያሚ በኮኬይን፣ በተለይም «ክራክ» በሚባለው ርካሽ ዓይነቱ ተጥለቅልቃ ነበር። ፖሊስ ያስራል፣ ዳኛ ይፈርዳል፣ እስር ቤቱ ይሞላል። ከወራት በኋላ ያው ሰው በያው ክስ ተመልሶ እዚያው የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ይቆማል። ዳኞቹ ሰለቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 አንድ ችሎት ለብቻው ለዩና ለዳኛ ስታንሊ ጎልድስታይን ሰጡት። የአካባቢው ዋና ዐቃቤ ሕግ በዚያን ጊዜ ጃኔት ሬኖ ነበረች፤ በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሆነችው።

የችሎቱ አሠራር ቀላል ነው። ተከሳሹ ሕክምናውን ከተቀበለ እስር ቤት አይገባም። ግን ነፃ ሆኖም አይለቀቅም። በየጊዜው እዚያው ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ ሽንቱ ይመረመራል፣ ምክር አገልግሎት መሄድ አለመሄዱ ይጣራል። ሲጸና ችሎት ውስጥ ይጨበጨብለታል (አዎ፣ ችሎት ውስጥ!)፤ ሲያፈነግጥ ለጥቂት ቀናት ይታሰርና ይመለሳል። ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ከጨረሰ ክሱ ይነሳለታል። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ እዚያው ፍሎሪዳ ውስጥ ብራዋርድ በተባለ አካባቢ ለአእምሮ ሕሙማን ተመሳሳይ ችሎት ተከፈተ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሕክምና ተኮር ችሎቶች ከ3,000 በላይ ናቸው።

ስለ እነዚህ ችሎቶች ሲወራ ሁሉም የሚያደንቀው ዳኛውን ነው። ፊልም ቢሠራ ዋናው ተዋናይ እሱ ነው። ሥራውን የሚያስኬደው ግን ካሜራ የማያየው ሌላ ሰው ነው፤ አስተባባሪው። ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ተከላካይ ጠበቃው፣ ሐኪሙና ጉዳይ ተከታታዩ ከችሎቱ በፊት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበሰቡት አስተባባሪው ስለጠራቸው ነው። ማን ቀጠሮ እንዳለፈ፣ ማን መድኃኒት እንዳቆመ፣ ማን ሥራ እንዳገኘ በአንድ ገጽ ለዳኛው የሚያቀርበው እሱ ነው። ማገገሚያ ቦታ ሲሞላ ሌላ ቦታ የሚያፈላልገው እሱ ነው። ሠራተኞቹንም የሚመራ እሱ ነው፤ አንዱ ጉዳይ ተከታታይ አርባ ሰው ተሸክሞ ሌላው አምስት ይዞ እንዳይቀመጥ ያመጣጥናል፣ አዲስ ገቢውን ያሠለጥናል፣ የታካሚው ምስጢር ከኮሪደሩ እንዳያልፍ ይጠብቃል። በጀት ሲያልቅም ሄዶ የሚከራከረው ያው እሱ ነው።

አሰልቺ ሥራ ይመስላል። ነውም። ግን ይህን ሰው ከመሃል አውጡትና ችሎቱ ምን እንደሚሆን አስቡ፦ ሩህሩህ ዳኛ፣ ጎበዝ ሐኪም፣ በመሃላቸው ደግሞ የጠፋ ልጅ።

ከማያሚ 32 ዓመት በፊት

አሁን ወደ አገራችን። ፍትሐ ነገሥቱም ቢሆን ሕፃንንና አእምሮውን የሳተን ሰው ከሙሉ ሰው እኩል አያይም ነበር። በዘመናዊ ሕግ ቋንቋ ግን ነገሩ ፈርጥሞ የመጣው ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. በታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። አርቃቂው ዣን ግራቨን የሚባሉ የጄኔቫ የሕግ ፕሮፌሰር ናቸው። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ነበር፤ የድል በዓል ቀን ተመርጦለት።

ግራቨን ከስዊዘርላንድ ይዘው የመጡት ሐሳብ ለዘመኑ አዲስ ነበር። ወንጀለኛ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለአንዱ ቅጣት፣ ለሌላው ሕክምና፣ ለሦስተኛው ትምህርት ያስፈልገዋል የሚል። ስለዚህ ሕጉ ውስጥ ከእስራቱና ከመቀጮው ጎን «የጥንቃቄ እርምጃዎች» ገቡ። ዳኛው ተከሳሹ በአእምሮው ጤነኛ ስለመሆኑ ከተጠራጠረ ባለሙያ ያስመረምራል፤ በአልኮል ወይም በሌላ ነገር ሥር የሰደደ ሱስ የሚታይበትንም እንዲሁ። ኃላፊ ሊሆን የማይችል ሰው ከተገኘ ተገቢ ተቋም ገብቶ እንዲታከም ያዛል። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ለሆኑ ልጆች ደግሞ ሕጉ ከእስር በፊት የደረደረው ረጅም ዝርዝር አለ፤ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ወደ ሕክምና ተቋም መላክ ነው። የመጠጥ ሱስ የያዘው ልጅ እዚያው በስም ተጠቅሷል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም የልጆች ጉዳይ በዝግ፣ በዳኛው ቢሮ፣ ያለ ብዙ ወግ እንዲታይ አዘዘ። ዳኛው ስለ ልጁ ጠባይና አስተዳደግ ትምህርት ቤቱንም ሆነ የሚያውቁትን ሰዎች ጠርቶ እንዲጠይቅ ፈቀደ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ይህን ሁሉ በአብዛኛው እንዳለ ወረሰው። እንዲያውም ለሕክምና የገባውን ሰው ጉዳይ ፍ/ቤቱ በየ2 ዓመቱ እንደገና እንዲያየው ያዛል፤ ሰው ገብቶ ተረስቶ እንዳይቀር። በገደብ የሚለቀቀውም ሰው ከ2 እስከ 5 ዓመት «የፈተና ጊዜ» አለው፤ በዚያ ጊዜ ተቆጣጣሪ ሊመደብለት ይችላል።

ስለዚህ ማያሚ በ1989 ያገኘችውን ሐሳብ እኛ ቢያንስ ግማሹን ከ32 ዓመት በፊት ወረቀት ላይ አስፍረነዋል። በዚህ መኩራት ይቻላል፤ ችግሩ የሚመጣው «ከዚያስ?» ሲባል ነው።

የግራቨን ሕግ በዙሪያው ሌላ ዓለም እንዳለ አድርጎ ነው የተጻፈው። «ተገቢ ተቋም» ሲል ተቋሙ አለ ብሎ ነው። «ተቆጣጣሪ» ሲል ደሞዝ የሚከፈለው፣ ከቤት ቤት የሚዞር ሰው አለ ብሎ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የነበረው በአንድ በኩል ዓለም በቃኝ፣ በሌላ በኩል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ ለአሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ሰው አልነበረም።

የተዘጋው ትምህርት ቤት

ወይስ ሊኖር ነበር? እዚህ ላይ ታሪኩ ያስቆጫል።

ሕጉ ሥራ በጀመረ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። በፍ/ቤትና በሆስፒታል፣ በእስር ቤትና በቤተሰብ መካከል የሚመላለሰውን ባለሙያ የሚያፈራው እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ነው። ሕጉ «ተቆጣጣሪ» ያለውን ሰው የሚፈጥር ቦታ ማለት ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ትምህርት ቤቱ ራሱን ችሎ መቆሙ ቀረ፤ ሙያው ሶሲዮሎጂ ውስጥ ተዋጠ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሶሻል ወርክ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና የተከፈተው በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ! በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕጉ ነበር፤ ዳኛው ነበር፤ «ተቆጣጣሪ ይመደብ» የሚለው መስመርም ነበር። የሚመደበውን ሰው የሚያሠለጥን ክፍል ግን ተቆልፎ ነበር።

የሐኪሙም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ (በእኛ አቆጣጠር) ነው። የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም አገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እገዛ ነው። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት ለመሆን የፈለገ ሁሉ ባሕር ይሻገር ነበር። ዳኛው «ባለሙያ ይመርምረው» ብሎ የሚጽፈው ደብዳቤ ይደርስ የነበረው እነዚያው ጥቂት ሐኪሞች ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እነሱም ጠዋት በረንዳውን የሞላውን ሕመምተኛ አይተው ሳይጨርሱ።

ልደታ ላይ የታየው

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን አንድ ቦታ ላይ ነገሩ ሠርቶ ታይቷል። ብዙዎቻችን የማናውቀው ታሪክ ስለሆነ ረጋ ብለን እንንገራችሁ።

በ1991 ዓ.ም. ገደማ በፌዴራል ጠቅላይ ፍ/ቤት ስር የሕፃናት ፍትሕ ፕሮጀክት ጽ/ቤት ተቋቋመ። ገንዘቡ በዋናነት ከስዊድኑ የሕፃናት አድን ድርጅት ነበር። ከፖሊስና ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚሠራ አንድ የአገር ውስጥ ድርጅትም ነበር፤ ያኔ «ፎረም ኦን ስትሪት ችልድረን ኢትዮጵያ» ይባል የነበረው። ፎረም ከዚያ ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች እንዲከፈቱ አግዟል፤ ተይዞ የመጣ ልጅ ከአዋቂ ተጠርጣሪ ጋር አንድ ክፍል እንዳይወረወር።

ከዚያ ልደታ ላይ ለሕፃናት ምቹ የሆነ ችሎት ተደራጀ። ጥቃት የደረሰበት ልጅ ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት አይቆምም። ሌላ ክፍል ተቀምጦ ቃሉን ይሰጣል፤ ዳኛው በካሜራ ያየዋል። አጠገቡ ሶሻል ወርከር ትቀመጣለች፤ የዳኛውንና የጠበቃውን ከባድ ጥያቄ ልጅ በሚገባው አማርኛ ቀይራ ታቀርብለታለች። ወንጀል ፈጽሟል ተብሎ ለመጣው ልጅ ደግሞ ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ ቤቱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ጓደኞቹ ተጣርቶ ይቀርብለታል። ያ በ1954ቱ ሕግ ላይ ተጽፎ የቆየው መስመር፣ በመጨረሻ የሚያደርገው ሰው አገኘ።

ፎረም ከፖሊስ ጋር ሆኖ የጀመረው ሌላም ነገር ነበር፦ ማኅበረሰብ አቀፍ የእርማት ማዕከላት። ቀላል ጥፋት ያጠፋ ልጅ ማረሚያ ከሚገባ ይልቅ እቤቱ ያድራል፣ ትምህርቱን ይማራል፣ በትርፍ ሰዓቱ ሰፈሩ ያለው ማዕከል ይመጣል። እዚያ የሚመክረው፣ የሚያስጠናው፣ ሲቀር «የት ሄደ?» ብሎ ቤቱ ድረስ የሚሄድ ሰው አለ። እስቲ አስተውሉ፤ «ድራግ ኮርት» የሚል ታፔላ አልተሰቀለም እንጂ አሠራሩ የማያሚው የሥጋ ዘመድ ነው። ሕግ አስከባሪ አለ፣ ድጋፍ አለ፣ በመሃል ደግሞ የሚከታተል ሰው አለ።

ታዲያ ለምን አልሰፋም?

አንዱ መልስ ከመጀመሪያውም ስሙ ውስጥ አለ፦ «ፕሮጀክት»። ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ሶሻል ወርከሯን የሚከፍላት የለጋሽ ገንዘብ ከሆነ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ወንበሯ ባዶ ይሆናል፤ ችሎቱ ግን ሰኞ ጠዋት መሰየሙ አይቀርም። ሁለተኛው መልስ አዋጅ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ (ቁጥር 621/2001) ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይም ሆነ በፍትሕና በሕግ ማስከበር ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። በዚህ መስክ ያለው ገንዘብ ደግሞ ከሞላ ጎደል የውጭ ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ (ቁጥር 1113/2011) እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት ቆየ። አንድ ሙያ ከሥሩ ሊደርቅ ይህ በቂ ጊዜ ነው።

በዚያው መሃል መንግሥት ምንም አልሠራም ማለት አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ጉዳዮችን ከመደበኛው ክርክር ውጭ ስለመጨረስና ስለ እርቅ በግልጽ ተናገረ። በ2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍ/ቤቱ የሕፃናት የሕግ ከለላ ማዕከል ከፈተ። በ2005 ዓ.ም. ጤና ጥበቃ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አወጣ። ወረቀት ላይ እንደገና ሀብታሞች ነን።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ እናስታውስ። በዓለም የመጀመሪያው የሚባለው የሕፃናት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1899 ቺካጎ ላይ ሲከፈት ሕጉ «ተቆጣጣሪ ይሾም» አለ፤ ወዲያው ደግሞ «ከመንግሥት ካዝና ግን ምንም አይከፈለውም» አለ! ደሞዙን ያዋጡት የከተማዋ የሴቶች ማኅበራት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1905 ሕጉ ተሻሻለና ክፍያው ወደ መንግሥት በጀት ገባ። እነሱም የጀመሩት እንደኛው በበጎ አድራጊ ገንዘብ ነው። ልዩነቱ በስድስት ዓመት ውስጥ ከልመና ወደ ደሞዝ መዝገብ መሻገራቸው ላይ ነው።

ከንፋስ ስልክ እስከ አማኑኤል

እስካሁን ያወራነው በአብዛኛው ስለ ልጆች ነው። አሁን ወደ ሰፈር እንውረድና ስለ አዋቂው እንጠይቅ።

ንፋስ ስልክ ላፍቶን ታውቋታላችሁ። ስሟን የወረሰችው ከሽቦ አልባው ስልክ ነው ይባላል፤ ድምፅ በነፋስ ይሄዳል ከተባለበት ዘመን። በአንድ በኩል በአረቄ ፋብሪካዋ የምትታወቀው መካኒሳ፣ በሌላ በኩል ጎፋ፣ ለቡ፣ ሀና ማርያም፣ ጀሞና ኮንዶሚኒየሞቿ። ከየሰፈሩ የፈረሱ ሰዎች አዲስ ሕንፃ ላይ የተሰባሰቡባት፣ ጎረቤት ከጎረቤት ገና ያልተዋወቀባት፣ ጫት ቤቱና ግሮሰሪው ግን ከሁሉ ቀድሞ የደረሰባት ክፍለ ከተማ ናት። የምትኖሩባት ታውቃላችሁ፤ በየብሎኩ «ድሮ ጎበዝ ተማሪ ነበር» የሚባልለት አንድ ልጅ አይጠፋም።

እንበልና (ምሳሌ ነው እንጂ የማንም ታሪክ አይደለም) ይህ ልጅ 22 ዓመቱ ነው። ለሁለት ዓመት በመጠጥና በሌላም ነገር ውስጥ ቆይቷል፤ ሰሞኑን ደግሞ ለብቻው ማውራት ጀምሯል። ከታክሲ ተራ ስልክ ነጥቆ ሲሮጥ ተያዘ። ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያ ፍ/ቤት። እናቱ ከኋላ ቆመው «ልጄ አመም ያደርገዋል» ይላሉ።

ሕጉን እናውቀዋለን፤ ዳኛው ይጠራጠራል፣ ለሆስፒታል ደብዳቤ ይጽፋል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን በሕጉ ውስጥ ፈልጉት። ደብዳቤውን ማን ይወስዳል? ልጁን የሚያጅበው ፖሊስ ያን ቀን ሌላ ግዳጅ ቢኖርበትስ? ሐኪሙ ልጁ የት እንዳደገ፣ መቼ እንደጀመረው ማንን ይጠይቃል? ውጤቱ ሲደርስ ለዳኛው በሕግ ቋንቋ ማን ያብራራዋል? ዳኛው «በገደብ ተለቆ ይታከም» ቢል፣ ማክሰኞ ክሊኒክ አለመሄዱን ረቡዕ ማን ያውቃል? መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እናቱ። ደብዳቤውን ይዘው በሁለት ታክሲ ከጎፋ እስከ አማኑኤል የሚመላለሱት፣ ቀጠሮ የሚያስታውሱት፣ መድኃኒቱን የሚቆጥሩት፣ ሲጠፋ የሚፈልጉት እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ አስተባባሪ የለንም ማለት ልክ አይደለም። አለን። ደሞዝ የለውም፣ ሥልጠና የለውም፣ አለቃ የለውም፣ እረፍትም የለውም፤ ጉልት እየነገደ ነው የሚያስተባብረው። እናት የሌለውስ? እሱ የፈተና ጊዜው ሳያልቅ እዚያው ሳጥን ውስጥ ተመልሶ ይቆማል። ማያሚዎቹ የሰለቻቸው ይኸው ነበር።

«ግን እኮ…» የምትሉ

የምትሉትን እናውቃለን።

አንደኛ፣ «ስልኩን የተነጠቀውስ?» ትላላችሁ። ትክክል ነው፤ ተበዳይ ያልተካሰበት ፍትሕ ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን ሕክምና ተኮር ችሎት ምሕረት የሚታደልበት ቦታ አይደለም። ለስድስት ወር ታስሮ እንደገባ ከሚወጣ ሰው ይልቅ፣ ለዓመት ከመንፈቅ በየሳምንቱ መልስ የሚሰጥ ሰው የበለጠ ተጠያቂ ነው። ካሳ መክፈልም አንዱ ግዴታው ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎቻችን ይህን ከማንም በፊት ያውቁት ነበር፤ እርቅ ሲያወርዱ ዋስ ይጠሩ የነበረው ቃል የሚከታተለው ሰው ካላገኘ እንደሚረሳ ስለገባቸው ነው።

ሁለተኛ፣ «በግድ ሕክምና ይኖራል?» የሚል ጥያቄ አለ። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ አሜሪካ ውስጥም እስካሁን ያከራክራል። ችሎቶቹ ቀላሉን ጉዳይ እየመረጡ ይወስዳሉ፣ ሰው ክሱን ፈርቶ ብቻ ይስማማል፣ ሐኪም የፖሊስ ረዳት ይሆናል የሚሉ ተቺዎች አሉ። ስጋቱ እውነት ነው። ታዲያ ይሄ የአስተባባሪውን ነገር የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል። ለሐኪሙ የተነገረውና ለዳኛው የሚነገረው መለየቱን የሚጠብቅ፣ ሠራተኛው በታካሚው ላይ እንዳይፎክር የሚቆጣጠር አንድ ተጠያቂ ሰው ከሌለ ሕክምናው ሌላ ስም ያለው እስር ነው የሚሆነው።

ሦስተኛ፣ «ፀበል አለ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለ፣ ቤተሰብ አለ» ትላላችሁ። አለ፤ ባይኖር ኖሮ ይህች ከተማ እስካሁን አትቆምም ነበር። ግን ለፍ/ቤት ሪፖርት የሚጽፍ የለም። ልጁ ፀበል ገብቶ ሲሻለው ዳኛው አያውቅም፤ ሲብስበትም አያውቅም።

የመጨረሻው «በጀት የለም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ እንይ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ (ቁጥር 1112/2011) የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጣ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከለከለ። መንግሥት መጠጥ ጉዳት እንዳለው በሕግ መስክሯል ማለት ነው። ከመጠጡ ግን ቀረጥ ይሰበስባል። ከዚያ ቀረጥ ላይ ለአንድ ክፍለ ከተማ አንድ አስተባባሪና ጥቂት ጉዳይ ተከታታዮች መቅጠር አዲስ ሕንፃ እንደመገንባት አይደለም። ሆስፒታል ለመሥራት ዓመታት ይፈጃል፤ ባለው ሆስፒታልና ባለው ችሎት መካከል የሚመላለስ ሰው መቅጠር ግን የአንድ ደብዳቤ ሥራ ነው።

እንግዲህ ምን ይሁን?

ትልቅ ነገር አንጠይቅም። አዲስ ሕግም አንጠይቅም፤ ሕጉ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ አለ። ሥራው ከአንድ ቦታ ይጀመር፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ብትሆን ደስ ይለናል፤ ሰፈራችን ናት። የአንድ ችሎት ዳኛ፣ አንድ ዐቃቤ ሕግ፣ አንድ ተከላካይ ጠበቃ፣ ከጤና ጣቢያ አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ። በመሃላቸው ደግሞ በመንግሥት ደሞዝ መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ፣ «ፕሮጀክት» ያልሆነ አንድ አስተባባሪ። ከሱ ስር ሁለት ወይም ሦስት ሶሻል ወርከሮች። የሙያው ትምህርት ቤት እንደገና ከተከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ተመራቂ አይጠፋም። የልደታው ችሎት ያስተማረንም ይሄንኑ ነው፤ የነበረው ሕግ በሰው እጅ ሲገባ ይንቀሳቀሳል፣ ሰውየው ሲሄድ ይቆማል።

ወህኒ ቤቱን «ማረሚያ ቤት» ብለነዋል። ስሙን መቀየሩ ጥሩ ነበር፣ አንቃወምም። ግን ስም ከመቀየር ሰው መቅጠር ይበልጣል። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ዳኞቻችን «ይታከም» ብለው መጻፍ ይችላሉ። ያቺን አንዲት ቃል ከችሎት ተቀብሎ በር ድረስ፣ ከበሩ ታክሲ ድረስ፣ ከታክሲው ሐኪሙ ድረስ የሚያደርስ ሰው እስኪቀጠር ድረስ ሥራው የሚወድቀው እዚያው እናቶቻችን ላይ ነው። እነሱ ደግሞ ደክመዋል።